ጃክ ለንደንና የብቻ ጉዞ

በዚህ ዕትም የሕይወት ታሪክ ዓምዳችን የምናነሳው ሰው አሜሪካዊው የጀብዱ ልብ ወለድ ደራሲ ጃክ ለንደን ነው። ሰውየው ሙስሊም አልነበረም፤ የማንኛውም ሃይማኖት ተከታይም አልነበረም። ታዲያ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው የሚል አንባቢ ቢኖር መልሳችን አጭር ነው። ረሃብን፣ ብርድን፣ እስርንና በገንዘብ ምክንያት ከዩኒቨርሲቲ መውጣትን በራሱ ላይ ያየ፣ ያየውንም እስከ ዛሬ በሚነበብ መልኩ የጻፈ ሰው ነው። ሁለተኛም ምክንያት አለን። የጃክ ለንደን ስም ብዙ ጊዜ የሚነሳው ማንም ሳይረዳው በክንዱና በወኔው ብቻ ከድህነት ለወጣ ሰው ምሳሌ ተደርጎ ነው። እኛ ታሪኩን ስናነብ ያገኘነው ግን ሌላ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተወለደው ጃንዋሪ 12 ቀን 1876 በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ነው። እናቱ ፍሎራ ዌልማን ሙዚቃ እያስተማረችና የሙታንን መንፈስ አነጋግራለሁ እያለች የምትተዳደር ሴት ነበረች። አባቱ እንደሆነ የሚታመነው ዊልያም ቼኒ የተባለው ኮከብ ቆጣሪ ማርገዟን ሲሰማ ጥሏት ሄደ። ፍሎራ ራሷን ለማጥፋት ሞክራ ተረፈች፤ ወሬውም በከተማው ጋዜጣ ላይ ወጣ። ልጁ ሲወለድ እናቱ ደካማ ስለነበረች አጥቢ ተፈለገለት። የተገኘችው ቨርጂኒያ ፕሬንቲስ ነበረች። በባርነት ተወልዳ ነጻ የወጣች ጥቁር አሜሪካዊት ናት፤ በዚያው ሰሞን የራሷን ሕፃን በሞት አጥታ ነበር። ጃክን ጡቷን አጥብታ አሳደገችው። በእኛ ዘንድ ጡት ያጠባች ሴት እናት ናት፤ ልጆቿም ወንድምና እህት ናቸው። ስለዚህ ቨርጂኒያን አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ወደኋላ እንመለስባታለን።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ፍሎራ ጆን ለንደን የተባለ የእርስ በርስ ጦርነት ዘማች አገባች። ሚስቱ የሞተችበት የልጆች አባት ነበር። ልጁ «ለንደን» የሚለውን ስም ያገኘው ከእርሱ ነው። ከእንጀራ አባቱ ልጆች መካከል ኤላይዛ የምትባለው በዕድሜ ስምንት ዓመት ያህል ትበልጠው ነበር፤ እንደ እናት ሆና ያሳደገችው እርሷ ናት። ቤተሰቡ ከቦታ ቦታ እየተንከራተተ አንድ ጊዜ ግብርና አንድ ጊዜ ንግድ ቢሞክርም አልተሳካለትም። ጃክ አድጎ በጻፈው አንድ ደብዳቤ ላይ ሰባት ዓመት ሲሆነው ሥጋ ከመራቡ የተነሣ ከአንዲት ልጅ የምሳ ቅርጫት ቁራጭ ሥጋ መስረቁን አስታውሷል። ከሱቅ የተገዛ የውስጥ ልብስ ለመጀመሪያ ጊዜ የለበሰውም በስምንት ዓመቱ እንደነበር በዚያው ደብዳቤ ተናግሯል። እንዲህ ያለ ነገር ከልብ አይወጣም።

አሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው ቤተሰቡ ኦክላንድ ነበር። በከተማዋ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አይና ኩልብሪዝ የተባለች የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበረች፤ እርሷ ራሷ የታወቀች ገጣሚ ናት። ጫማው የተቀደደው ልጅ መደርደሪያዎቹ መካከል ሲዞር አየችና ምን እንደሚያነብ ጠየቀችው፤ መጽሐፍ ትመርጥለት ጀመር። ቤቱ ውስጥ ስለ መጻሕፍት የሚያነጋግረው ሰው አልነበረም። ጃክ ለንደን ከብዙ ዓመታት በኋላ ደብዳቤ ጽፎ አመስግኗታል።

አሥራ አራት ዓመት ሲሞላው ትምህርቱን አቋርጦ የታሸገ ምግብ ፋብሪካ ገባ። ክፍያው በሰዓት 10 ሳንቲም ነበር፤ የሥራው ሰዓት በቀን ከ12 እስከ 18 ይደርሳል። ከዚህ ሕይወት ያወጣችው ማን ነበረች? ያችው ቨርጂኒያ ፕሬንቲስ ናት። 300 ዶላር አበደረችው፤ ባለ ሸራ ጀልባ ገዛበት። ምስጋና ይግባትና የፋብሪካ ባሪያ ከመሆን ወጣ፤ ጀልባዋን ያዋላት ግን ለሌብነት ነበር። በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ነጋዴዎች ከሚያረቡት ኦይስተር የሚባል የባሕር ዛጎል በሌሊት እየሰረቀ ይሸጥ ነበር። ቆይቶ ደግሞ ሕገ ወጥ አስጋሪዎችን የሚያሳድደው የጥበቃ ቡድን አባል ሆነ። አሥራ ሰባት ዓመት ሳይሞላው ሌባም ጠባቂም ሆኖ አየው ማለት ነው።

በዚያ ዘመን ከሞት ጋር ፊት ለፊት የተገናኘበት አንድ ሌሊት አለ። ሰክሮ ከጀልባ ወደ ውኃ ወደቀ፤ ኃይለኛው ሞገድም ወደ መሐል ወሰደው። በስካሩ ሞት ጣፋጭ መስሎት ራሱን ለውኃው ሰጠ። ብርዱ ስካሩን ሲያበርደው ግን መኖር እንደሚፈልግ ገባው፤ በዚያን ጊዜ ጉልበቱ አልቆ ነበር። ለሰዓታት ከዋኘ በኋላ ሊነጋ ሲል አንድ ግሪካዊ ዓሣ አስጋሪ አግኝቶ አወጣው። የዚያን አስጋሪ ስም ታሪክ አልመዘገበውም።

በ1893 ሲል የሚባሉትን የባሕር እንስሳት በምታድን መርከብ ተቀጥሮ እስከ ጃፓን ጠረፍ ሄደ። ሲመለስ አሜሪካ በከባድ የኢኮኖሚ ቀውስ ውስጥ ነበረች። በጆንያ ፋብሪካ አሁንም በሰዓት በ10 ሳንቲም ተቀጠረ። በዚያው ዓመት አንድ የሳን ፍራንሲስኮ ጋዜጣ የጽሑፍ ውድድር ሲያወጣ በእናቱ ጉትጎታ በጃፓን ባሕር ላይ ያየውን አውሎ ነፋስ ጻፈ። አንደኛ ወጥቶ 25 ዶላር ተሸለመ፤ የፋብሪካው የአንድ ወር ደመወዙ ያህል ነው። ከዚያ በኋላ በአንድ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ድንጋይ ከሰል በአካፋ የሚጭን ሠራተኛ ሆነ፤ ደመወዙ በወር 30 ዶላር። ጠንክሮ ቢሠራ ወደ ላይ እንደሚያሳድጉት ተነግሮት ነበር። በኋላ የሰማው ሌላ ነው። ከእርሱ በፊት ያንን ሥራ እያንዳንዳቸው 40 ዶላር የሚከፈላቸው ሁለት ሰዎች ይሠሩት ነበር፤ እርሱ ሁለቱንም ተክቶ 50 ዶላር አትርፎላቸዋል። ከተባረሩት አንዱ ቤተሰቡን የሚያበላው አጥቶ ራሱን እንዳጠፋም ሰማ። የጠንካራ ክንዱ ዋጋ ይህ ነበር። አካፋውን ጥሎ ወጣ።

በ1894 ወደ ዋሽንግተን ሊያቤቱ ከሚጓዙ ሥራ አጦች ጋር ተቀላቀለ፤ መንገድ ላይ ተለይቷቸው በባቡር ላይ እየተንጠለጠለ አገሩን ዞረ። በናያጋራ ፏፏቴ ከተማ ቤት የለሽ ተብሎ ተያዘና ያለ ጠበቃና ያለ ክርክር 30 ቀን ተፈረደበት። ስለዚያ እስር የጻፈው ነገር ከጻፋቸው ሁሉ በላይ ያስደነግጠናል። በግፍ የታሰረው ወጣት በጥቂት ቀናት ውስጥ ከጠባቂዎቹ ጋር ተስማምቶ በእስረኞች ላይ ከሚሾሙት በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች አንዱ ሆነ። ዳቦ የሚያድለው እርሱ ነው፤ የተረፈውን ዳቦ ለተራቡት በትምባሆና በመጽሐፍ ይሸጥላቸው ነበር። ውጭ ያሉት ጌቶች የሚያደርጉትን እኛም ውስጥ አደረግን ይላል፤ ራሱን ነጻ ለማውጣት አይሞክርም። ስለ ሰው ልጅ ባሕርይ የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ክፋትን ከሌላው ዘንድ ነው የሚፈልጉት። ጃክ ለንደን ከራሱ ዘንድ ማግኘቱ ከብዙዎቹ ይለየዋል።

ከእስር ሲወጣ በጉልበት መኖር ጉልበት እስካለ ድረስ ብቻ እንደሆነ ገብቶት ነበር። በመንገድና በእስር ቤት ያያቸው ሽማግሌዎችና አካለ ስንኩላን አንድ ጊዜ እንደ እርሱ ብርቱ ጎረምሶች ነበሩ። ስለዚህ በ19 ዓመቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገባ፤ የትምህርት ቤቱን ወለል እያጸዳ ተማረ። ለወራት ቀንና ሌሊት አጥንቶ በ1896 መጸው በበርክሌይ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተቀበለው። አንድ ሴሚስተር ብቻ ቆየ። ገንዘብ አለቀ፤ ቤተሰቡም የእርሱን ገቢ ይፈልግ ነበር። በ1897 መጀመሪያ ግቢውን ለቀቀና በአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ላውንደሪ ተቀጠረ። ሥራው የተማሪዎችን ልብስ ማጠብና መተኮስ ነበር። በተማሪነት ሊቀመጥበት ከነበረ ዓለም ወጥቶ የተማሪ ሸሚዝ ሲተኩስ ምን እንደተሰማው፣ «ማርቲን ኤደን» በተሰኘው ልብ ወለዱ ውስጥ የላውንደሪውን ምዕራፎች ያነበበ ይረዳዋል። በዚያው ዓመት ለቼኒ ደብዳቤ ጽፎ አባቴ ነህ ወይ ብሎ ጠየቀው። መልሱ አይደለሁም የሚል ነበር።

ያን ጊዜ ነው የክሎንዳይክ ወርቅ ወሬ የደረሰው። በካናዳ ሰሜን ምዕራብ፣ በዩኮን ወንዝ አካባቢ ወርቅ ተገኘ ተባለ፤ አሜሪካም በአንድ እግሯ ቆመች። ጃክ ሳንቲም አልነበረውም። ኤላይዛ ቤቷን አስይዛ ገንዘብ ተበደረችና ወንድሟንና ዕድሜው የገፋውን ባለቤቷን ጄምስ ሼፐርድን ሰደደች። ጁላይ 25 ቀን 1897 በመርከብ ተነሱ። ሼፐርድ ግን ተራራው እግር ሥር ሲደርስ ሕመሙ ስለጠናበት ተመለሰ።

የቺልኩት መተላለፊያን ምንነት በቁጥር እንየው። እያንዳንዱ መንገደኛ ለአንድ ዓመት የሚሆን ስንቅና ዕቃ፣ በድምሩ 900 ኪሎ ግራም ያህል ይዞ መሻገር ነበረበት። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ 45 ኪሎ ቢሸከም 20 ጊዜ መመላለስ ይኖርበታል። ዕቃውን አንድ ኪሎ ሜትር ወደፊት ለማድረስ 39 ኪሎ ሜትር ይራመዳል ማለት ነው፤ ግማሹን ከነሸክሙ። ከዚያ በኋላ ጀልባ ሠርተው፣ ብዙዎችን የገደሉትን ፈጣን ፏፏቴዎች አቋርጠው፣ ወንዙ በበረዶ ከመዘጋቱ በፊት መድረስ ነበረባቸው። ጃክና ጓደኞቹ ስቱዋርት በሚባለው ወንዝ አጠገብ በምትገኝ ደሴት ላይ በተተወ የእንጨት ጎጆ ክረምቱን አሳለፉ። ወርቅ አልተገኘም። የተገኘው ወሬ ነበር። በምድጃ ዙሪያ ተቀምጠው ከየጎጆው የሚመጡ አዳኞች፣ ወርቅ ፈላጊዎችና የአገሩ ተወላጆች የሚያወሩትን እርሱ በዝምታ ያዳምጥ ነበር። ትኩስ አትክልት ባለማግኘቱ ስከርቪ የሚባለው በሽታ ያዘው፤ ድዱ ደማ፣ የፊት ጥርሶቹ ወለቁ። በ1898 ክረምቱ ሲያልፍ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በአነስተኛ ጀልባ የዩኮንን ወንዝ ተከትሎ ከ2000 ኪሎ ሜትር በላይ ወርዶ ወደ አገሩ ተመለሰ። ይዞት የመጣው የወርቅ ብናኝ አራት ዶላር ተኩል ያወጣ ነበር። ቤት ሲደርስ እንጀራ አባቱ ሞቶ ጠበቀው፤ የቤቱ ሸክም በእርሱ ላይ ወደቀ።

ከዚያ በኋላ ያለው ወቅት በማነቃቂያ መጻሕፍት ላይ በደንብ ስለሚተረክ አናበዛበትም። ጻፈ፣ ላከ፣ ተመለሰበት፤ ብስክሌቱንና ካፖርቱን ወለድ አግድ አስያዘ፤ የፖስታ ቤት ፈተና ወስዶ አለፈ። ጃንዋሪ 1899 የመጀመሪያው የሰሜን ታሪኩ በአንድ መጽሔት ታተመ፤ የተባለለት ክፍያ አምስት ዶላር ነበር። በቀን 1000 ቃል የመጻፍ ልማዱን እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ጠበቀ። በ1903 «የዱር ጥሪ» ወጣ። ከሞቀ ቤት ተሰርቆ ወደ ሰሜን በረዶ የተሸጠውን፣ በዱላና በጥርስ ሕግ መኖርን የተማረውን ባክ የተባለ ውሻ ታሪክ የሚተርክ ነው። መብቱን በአንድ ጊዜ በ2000 ዶላር ስለሸጠው መጽሐፉ ሚሊዮኖች ዘንድ ሲደርስ እርሱ ተጨማሪ ድርሻ አላገኘም። ስም ግን አገኘ፤ ስሙም ገንዘብ አመጣ።

ያ መጽሐፍ ከመታተሙ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1902 በጋ፣ ሌላ ዓይነት ጉዞ አድርጎ ነበር። ወደ እንግሊዝ ዋና ከተማ ወደ ለንደን ሄዶ ሰልባጅ ልብስ ገዝቶ በምሥራቁ የድሆች መንደር ገባ። ከተማዋ በዚያን ጊዜ የዓለም ትልቁ ግዛት መናገሻ ናት፤ አዲሱ ንጉሥም ዘውድ የሚጭንበት ሰሞን ነበር። በአንድ ወገን ወርቅ የተለበጠ ሠረገላ፣ በሌላ ወገን ፖሊስ በሌሊት እንዳይተኙ ስለሚያባርራቸው እስኪነጋ የሚዞሩ ሰዎች። አንድ ቀን ወደ ድሆች መጠለያ ከሚሄዱ ሁለት ሽማግሌዎች ጋር ይሄድ ነበር፤ አንዱ አናጢ፣ ሌላው ጋሪ ነጂ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩ፣ የተከበሩ ሰዎች። እያወሩ ሳለ ጎንበስ እያሉ ከመንገዱ አንድ ነገር ሲያነሱ መጀመሪያ የሲጋራ ቁራጭ መስሎት ነበር። ልብ ብሎ ሲያይ የብርቱካን ልጣጭና የፖም ፍሬ ከጭቃው እያነሱ ይበሉ ኖሯል። ማንነቱን ገልጾ፣ ልብሱ ውስጥ የሰፋውን የወርቅ ሳንቲም ፈትቶ አበላቸው። ከዚያ ጉዞ የወጣው መጽሐፍ «የጥልቁ ሕዝብ» ይባላል፤ ከመጽሐፎቹ ሁሉ የሚወደው እርሱን እንደነበር ተናግሯል። ከበረዶ ተራራ ይልቅ በሰው የተሞላ ከተማ ሰውን በበለጠ ጭካኔ እንደሚገድል ያሳየበት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንግባ። ጃክ ለንደን «እሳት ማንደድ» የሚል አጭር ልብ ወለድ ሁለት ጊዜ ጽፏል። የመጀመሪያው በ1902 ለወጣቶች መጽሔት የወጣ ሲሆን፣ ቶም ቪንሰንት የተባለ ጎረምሳ በከባድ ብርድ ብቻውን ሲጓዝ እግሩ ውኃ ውስጥ ይገባል፤ እጁ እየተቃጠለ በመጨረሻ እሳት ያነድና ይተርፋል። ሁለተኛው በ1908 ወጣ። ብርዱ አሁን ከዜሮ በታች ወደ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ወርዷል። ሰውየው ስም የለውም። አብሮት ያለው አንድ ውሻ ብቻ ነው። ከመነሳቱ በፊት አንድ ልምድ ያለው ሽማግሌ በእንዲህ ያለ ብርድ ብቻህን አትጓዝ ብሎት ነበር፤ እርሱ ግን የሴት ነገር ብሎ ስቆበታል። እግሩ በረዶውን ሰብሮ ይረጥባል። እሳት ያነድዳል፤ ያነደደው ግን በጥድ ዛፍ ሥር ነው፤ ከቅርንጫፎቹ የተቆለለው በረዶ ወርዶ እሳቱን ያጠፋዋል። ጣቶቹ ክብሪት መያዝ አልቻሉም። ክብሪቶቹን በሙሉ በአንድ ጊዜ ለኩሶ የእጁ ሥጋ ሲቃጠል ያሸተዋል። ውሻውን አርዶ በሆዱ ሙቀት እጁን ሊያሞቅ ያስባል፤ በዚያ እጅ ቢላ መያዝም አይቻልም። ሮጠ፣ ወደቀ፣ ተቀመጠ፣ ሞተ። ውሻው ጥቂት ጠብቆ ሌላ እሳት ወዳለበት ሰፈር መንገዱን ቀጠለ።

በስድስት ዓመት ልዩነት አንዱ ተርፎ ሌላው ለምን ሞተ? ሁለተኛው ሰው ሰነፍ አልነበረም፤ ንቁ፣ ፈጣን፣ ሥራውን የሚያውቅ ነው። የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ እጁ ሲደነዝዝ ክብሪቱን የሚለኩስለት ሁለተኛ ሰው። ታሪኩ የተፈጥሮን ጭካኔ ያሳያል ተብሎ ብዙ ክፍል ውስጥ ይሰጣል፤ ስሕተት አይደለም፤ ግን ሽማግሌው ተረስቷል። እኛ በግቢያችን ወር እስኪያልቅ የሚበላው አጥቶ ለዶርም ጓደኛው እንኳ የማይናገር፣ ውጤቱ ሲወርድ ከጀመዓው የሚርቅ፣ ልጠይቅ ማለት ሽንፈት የሚመስለው ተማሪ መኖሩን እናውቃለን። ይህን ታሪክ ያነበብነው እርሱን እያሰብን ነው።

«የሕይወት ፍቅር» የተባለው ሌላው ታሪኩም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሁለት ሰዎች ወርቅ ተሸክመው ሲመለሱ አንዱ እግሩ ይወለምጣል፤ ጓደኛው ዞር ብሎ ሳያይ ጥሎት ይሄዳል። የተተወው ሰው በረሃብ እየዳኸ ወርቁን ጥሎ ይጓዛል፤ አንድ የታመመ ተኩላ ይከተለዋል፤ ማን ቀድሞ ይሞታል እየተባባሉ። መንገድ ላይ የጓደኛውን አጥንትና ያልጣለውን የወርቅ ከረጢት ያገኛል። በመጨረሻ መርከበኞች ያተርፉታል። ከዳነ በኋላ ያለው ግን ይበልጥ ይገርመናል። መርከቡ ላይ ምግብ ሞልቶ ሳለ ሰውየው ከመርከበኞቹ ደረቅ ብስኩት እየለመነ ፍራሹ ውስጥ ይደብቃል። ረሃብ ከሆድ ሲወጣ ከልብ አይወጣም። የሌኒን ባለቤት ክሩፕስካያ ለታመመው ባሏ ሊሞት ሁለት ቀን ሲቀረው ያነበበችለት ይህንን ታሪክ ነበር።

ብስኩት ደባቂው ሰው ከደራሲው ብዙ አይለይም ብለን እናስባለን። ሥጋ የሰረቀው ልጅ ሀብት ሲያገኝ በግሌን ኤለን መንደር መሬት መግዛት ጀመረ፤ ከ130 ኤከር ተነስቶ 1400 ኤከር ደረሰ። «ስናርክ» የተባለች መርከብ አሠርቶ ዓለምን ሊዞር ተነሣ፤ 7000 ዶላር ትፈጃለች ያላት ወደ 30000 ፈጀችበት። በፓስፊክ ደሴቶች መካከል ከ1907 ጀምሮ ሁለት ዓመት ያህል ተጉዞ ታሞ ሲድኒ ሆስፒታል ገባ፤ ጉዞውም በዚያ ቀረ። በሃዋይ የሥጋ ደዌ ሕሙማን በሚኖሩባት በሞሎካይ ግን ጥቂት ቀናት አሳልፎ፣ ዓለም በሕይወት የቀበራቸው ሰዎች እንዴት እየተሳሳቁ አብረው እንደሚኖሩ ጽፏል።

ስለ እርሱ የምናቀርበው ክስ አለን። በጥቁር ሴት ጡት ያደገው ይህ ሰው ነጮች ከሌሎች ዘሮች ይበልጣሉ የሚለውን የዘመኑን አስተሳሰብ ተቀብሎ ጽፏል። በ1908 ጃክ ጆንሰን የተባለው ጥቁር ቦክሰኛ በሲድኒ የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን በቦታው ሆኖ ዘግቧል፤ የጆንሰንን ችሎታ ቢመሰክርም አንድ ነጭ ቦክሰኛ ተመልሶ እንዲያሸንፈው ተማጽኗል። ዘመኑ ነው ብለው የሚያልፉት አሉ፤ እኛ አናልፈውም። ቨርጂኒያን እስከ መጨረሻው ረድቷታል፣ በኑዛዜውም ወርኃዊ ተቆራጭ ትቶላታል። ለእናቱ የከፈለው ለእናቱ ወገን የጻፈውን አያጥብም። በሌላ በኩል ስለ ሃዋይና ስለ ሜክሲኮ ሰዎች የጻፋቸው አንዳንድ ታሪኮቹ ከአስተሳሰቡ የተሻሉ ናቸው፤ ብዕሩ አንዳንዴ ከጭንቅላቱ ይቀድመው ነበር።

የፖለቲካ አመለካከቱ ሶሻሊስት ነበር፤ ለኦክላንድ ከንቲባነት ሁለት ጊዜ ተወዳድሮ በሁለቱም ተሸነፈ። ተቺዎቹ ግን የብርቱ ሰው አድናቂ አድርገው ነው የሚያዩት። እርሱ ደግሞ «የባሕር ተኩላ»ንና «ማርቲን ኤደን»ን የጻፍኩት ለራሱ ብቻ የሚኖረውን ሰው ለመንቀፍ ነበር፤ አንድም ተቺ አልገባውም እያለ ያማርር ነበር። በመጀመሪያው መጽሐፍ ማንንም የማይፈልገው ካፒቴን ዕውርና ሽባ ሆኖ ይሞታል። በሁለተኛው ብቻውን ተምሮ፣ ብቻውን ዝነኛ የሆነው ደራሲ የሚኖርለት ነገር አጥቶ ራሱን ባሕር ውስጥ ይጥላል። ማርቲን ኤደን የሞተው ለራሱ ብቻ ስለኖረ ነው፤ እኔ ግን ለሌሎች ስለምኖር ተርፌያለሁ የሚል ሐሳብም ነበረው።

መጠጡ ግን አልተወውም። የመጀመሪያ ስካሩ በአምስት ዓመቱ ነው፤ እርሻ ላይ ላለው እንጀራ አባቱ ቢራ እንዲያደርስ ተልኮ መንገድ ላይ ጠጣው። በ1913 ባሳተመው «ጆን ባርሊኮርን» በተባለው መጽሐፉ የመጠጥ ታሪኩን ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘርዝሯል። መጽሐፉ የሚጀምረው በ1911 ሴቶች የመምረጥ መብት እንዲያገኙ ድምፅ ሰጥቶ ሲመለስ ነው። የደገፈበትን ምክንያት ለባለቤቱ ሲያስረዳ ሴቶች መምረጥ ሲችሉ መጠጥ ቤቶችን ያዘጋሉ ብሎ ነው። መጠጡ ጣዕሙ ስለሚስብ ሳይሆን ወዳጅነት፣ ሥራና ሰላምታ ሁሉ በመጠጥ ቤት በኩል ስለሚያልፍ ሰው ይጠመድበታል ይላል። ስለ ኸምር ከሰማናቸው ብዙ ስብከቶች ይልቅ ይህ የራሱ የጠጪው ምስክርነት ለግቢ ወጣት የሚቀርብ ይመስለናል። በር ላይ የሚቆመው ጠርሙሱ ሳይሆን ጓደኛው ነውና።

ኦገስት 22 ቀን 1913 ለዓመታት በድንጋይና በትላልቅ ግንዶች ያሠራው «የተኩላ ቤት» ሊገባበት ጥቂት ሲቀረው በአንድ ሌሊት ተቃጠለ። ኩላሊቱም በዚያው ጊዜ ይታመም ነበር። ሐኪሞች ምግቡን እንዲቀይርና መጠጡን እንዲተው ቢመክሩትም አልሰማም፤ ሥቃዩን በሞርፊን ያስታግሥ ነበር። ኖቬምበር 22 ቀን 1916 በ40 ዓመቱ ግሌን ኤለን በሚገኘው እርሻው ሞተ። የሞት ምስክር ወረቀቱ የኩላሊት መመረዝ ይላል፤ ራሱን ገድሏል የሚል ወሬ ለብዙ ዘመን ቢናፈስም የተረጋገጠ ነገር የለም። ትቶ ያለፈው ወደ 50 የሚጠጉ መጻሕፍት ነው።

እርሻውን በዚያን ጊዜ የምታስተዳድረው ኤላይዛ ነበረች። አንድ ቀን በግቢው ባለች ኮረብታ ሲያልፉ በእንጨት አጥር የተከበበ የሁለት ሕፃናት መቃብር አይተው ነበር፤ ከእነርሱ በፊት በአካባቢው የሰፈሩ ሰዎች ልጆች ናቸው። ጃክ ስሞት አመዴን እዚህ አኑሩት፣ ከተቃጠለው ቤት አንድ ድንጋይ አምጥታችሁ ከላይ አድርጉበት ብሏት ነበር። በፈረሶች የተጎተተው ያ ትልቅ ድንጋይ ስም ሳይቀረጽበት እስከ ዛሬ ከልጆቹ መቃብር አጠገብ ተቀምጧል። ባለቤቱ ቻርሚያንም በ1955 ስትሞት አመዷን በዚያው ድንጋይ ሥር አኖሩት።